ለቡና ቁርስ የሚሆን የቺዝ ብስኩት አሠራር

የቺዝ ብስኩት ሲሰበር ቀጭ ማለት አለበት። ጅማ ውስጥ ይህን የሚያበላሹት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ቀድሞ የሚሟሟ ቅቤና እርጥበት።

ለ40 ያህል ብስኩት 200 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 120 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ፣ 150 ግራም የተፈቀፈቀ ፕሮቮሎኔ ቺዝ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ሚጥሚጣ እና ከ1 እስከ 2 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ወተት ያስፈልጋል። ቺዙ ራሱ ጨው ስላለው ከዚህ በላይ ጨው አትጨምሩ። ቤኪንግ ፓውደሩም አይብዛ። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ስለምትል የአየሩ ግፊት ዝቅ ያለ ነው፤ ሊጡ ቶሎ ይነፋና መልሶ ይወርዳል።

ዱቄቱን ከቤኪንግ ፓውደሩ፣ ከጨውና ከሚጥሚጣው ጋር ንፉ። ቅቤውን በትንንሹ ቆርጣችሁ ጨምሩና የዳቦ ፍርፋሪ እስኪመስል በጣት ጫፍ ፈርፍሩት። መዳፍ ይሞቃል፣ ቅቤውን ያቀልጠዋል። ቺዙን ቀላቅሉ፤ ወተቱን በማንኪያ በማንኪያ ጨምሩ። አንድ ጭብጥ ስትጨብጡት ከተያያዘ ይበቃዋል። እንደ ዳቦ ሊጥ በፍጹም አትሹት፤ በታሸ ቁጥር ይለጠጥና ብስኩቱ ይደርቃል እንጂ አይሰባበርም።

በላስቲክ ጠቅልላችሁ 30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አሳርፉት። ይህን ደረጃ መዝለል ትልቁ ስሕተት ነው።

በሁለት ላስቲክ መሀል በመዳመጫ ግማሽ ሳንቲሜትር ውፍረት እስኪኖረው ዳምጡ። አፉ 5 ሳንቲሜትር በሆነ ብርጭቆ ቁረጡ። ትርፍራፊው አንድ ጊዜ ብቻ ተሰብስቦ ይዳመጣል። በሹካ ወጋ ወጋ አድርጉ፣ ከተፈለገም ጥቁር አዝሙድ ነስንሱበት። ኦቨኑን 15 ደቂቃ ቀድማችሁ 180 ዲግሪ አሙቁ፤ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ጋግሩ። ጠርዙ ወርቅማ ሲሆን አውጡት፤ ቺዝ ከጠቆረ ይመራል። ትኩሱ ብስኩት ለስላሳ ስለሆነ 5 ደቂቃ ትሪው ላይ ሳይነካ ይቆይ።

ብስኩቱ ተዘርግቶ ከተያያዘ ቅቤው ሞቆ ነበር፣ ወይም ኦቨኑ ገና አልጋለም። ሥሩ አርሮ ላዩ ነጭ ከሆነ ትሪውን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጉ።

ፕሮቮሎኔ ካልተገኘ በአይብ ይሠራል፤ ግን ሌላ ጠባይ አለው። አይብ ቅቤው ከወጣለት አሬራ ስለሚወጣ ቅባቱ ትንሽ ነው፤ እሳት ላይም አይቀልጥም። ውሃው ካልወጣለት ደግሞ ብስኩቱን እንደ አምባሻ ያለሰልሰዋል። በስስ ጨርቅ ቋጥራችሁ አንድ ሌሊት አንጠልጥሉት፣ ጠዋት ክብደት ጫኑበት። ከዚያ 150 ግራም ተጠቀሙ፤ ወተቱን ተዉት፣ ጨውን ግማሽ የሻይ ማንኪያ አድርሱት። በ160 ዲግሪ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይጋገር። ጣዕሙ ከኮምጣጣነቱ ጋር ስኳር ለሌለው ቡና በጣም ይስማማል።

ፍጹም ሳይቀዘቅዝ አትክደኑት፤ እንፋሎቱ መልሶ ያረጥበዋል። ከቀዘቀዘ በኋላ ግን ክፍት አይደር፣ በክረምት ለመለስለስ አንድ ሌሊት ይበቃዋል። ክዳኑ የሚገጥም የዱቄት ወተት ጣሳ ጥሩ ማስቀመጫ ነው። የለሰለሰውን 150 ዲግሪ በጋለ ኦቨን 5 ደቂቃ መልሱት፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና ቀጭ ይላል።