በእንግሊዝኛ «የምኖርበት ቤት» ለማለት ሲሞከር የሚሠሩ ስህተቶች

አማርኛ «የምኖርበት ቤት» ሲል መስተዋድዱን በግሡ ጫፍ ላይ ሰክቶ ያልፋል፤ «በት» የምትለዋን ቅጥያ ተናጋሪው ልብም አይላትም። እንግሊዝኛ ግን ያችኑ ቅጥያ ራሱን የቻለ ቃል ያደርጋትና የትኛው መስተዋድድ እንደሚሆንና የት እንደሚገባ ጸሐፊው እንዲወስን ያስገድደዋል። በትምህርት ቤት ሪሌቲቭ ክሎዝ የሚባለው፣ ስምን የሚያብራራው ንዑስ ዐረፍተ ነገር፣ መስተዋድድ ወይም እንደ ካን፣ መስትና ሜይ ያለ ሞዳል ግሥ ሲገባበት የምንሳሳተው በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ ነው።

ከሁሉ የሚበዛው መስተዋድዱን ጨርሶ መርሳት ነው። ለሥራ ማመልከቻ የተጻፉ ደብዳቤዎችን ሳርም ደጋግሜ የማገኘው «ዘ ካምፓኒ ዊች አይ ወርክድ» የሚለውን ነው። ጸሐፊው «የሠራሁበት ድርጅት» ብሎ አስቦ «በት»ን እዚያው አማርኛው ውስጥ ትቷት መጥቷል። ትክክሉ «ዘ ካምፓኒ ዊች አይ ወርክድ ፎር» ወይም ጠንከር ባለው አጻጻፍ «ዘ ካምፓኒ ፎር ዊች አይ ወርክድ» ነው። ለመፈተን ሐረጉን ፈትቶ ሙሉ ዐረፍተ ነገር ማድረግ ይበቃል፦ «አይ ወርክድ ዘ ካምፓኒ» ብሎ የሚጽፍ የለም፤ እዚህ ፎር ካስፈለገ እዚያም ያስፈልጋል።

መስተዋድዱን ያስታወሰ ሰው ደግሞ ምርጫው ላይ ይሰናከላል። «በት» አንዲት ብትሆንም የምትሸከመው ብዙ ነው፦ «የጻፍኩበት ብዕር» ሲባል ዊዝ፣ «የጻፍኩበት ወረቀት» ሲባል ኦን፣ «የመጣሁበት ከተማ» ሲባል ፍሮም፣ «የተነጋገርንበት ጉዳይ» ሲባል አባውት ናት። ይህን ሁሉ በኢን ዊች ለመሸፈን የሚሞክር ሰው «ዘ ፔን ኢን ዊች አይ ሮት» ይልና ብዕሩ ውስጥ ገብቶ የጻፈ ያስመስለዋል። ቀልዱ የሚያበቃው የቀን ገደብ ላይ ስንደርስ ነው። «ቅጹ መግባት ያለበት ቀን» የሚለውን «ዘ ዴት ኦን ዊች ዩ መስት ሰብሚት ዘ ፎርም» ብለው ከተረጐሙት፣ አመልካቹ በዚያው ቀን እንጂ አስቀድሞ ማስገባት እንደማይችል ሆኖ ይነበባል። እስከዚያ ቀን ድረስ ማለት ከተፈለገ «ባይ ዊች» መባል አለበት። አማርኛው ለሁለቱም ፍቺ ክፍት ስለሆነ፣ ተርጓሚው ከመጻፉ በፊት የታሰበው የትኛው እንደሆነ ባለጉዳዩን ቢጠይቅ ይሻላል።

መስተዋድድን መድገምም አለ። «ዘ ሃውስ ኢን ዊች አይ ሊቭ ኢን» እና «ዘ ሃውስ ዌር አይ ሊቭ ኢን» ሁለቱም ስህተት ናቸው፤ ዌር ኢንን በውስጡ ይዟልና። ፍሮምን ግን አይዝም፤ ስለዚህ «ዘ ታውን ዌር አይ ካም ፍሮም» ትክክል ነው።

ተውላጠ ስምን መድገምም ምንጩ አማርኛ ነው። «ያነጋገርኩት ሰው» ስንል በግሡ መጨረሻ ያለችው «ት» ሰውየውን ትጠቁማለች፤ ይህንኑ ልማድ ይዘን «ዘ ማን ሁም አይ ስፖክ ቱ ሂም» እንላለን። በእንግሊዝኛ ሁም የሂምን ቦታ ስለወሰደ፣ ከቱ በኋላ ያለው ስፍራ ባዶውን መቅረት አለበት።

መስተዋድዱ ወደ ፊት ሲመጣ የሚከተለው ቃል ለነገር ዊች፣ ለሰው ሁም ነው፤ «ኢን ዛት አይ ሊቭ» አይባልም፣ ዊችን ጥሎ «ዘ ሃውስ ኢን አይ ሊቭ» ማለትም አይቻልም። መስተዋድዱ መጨረሻ ላይ ከቀረ ግን ዛትን መጠቀምም መተውም ይቻላል፦ «ዘ ሃውስ አይ ሊቭ ኢን»። ዐረፍተ ነገር በመስተዋድድ አይጨረስም እየተባልን ያደግን ሰዎች ይህን እንፈራዋለን። ፍርሃቱ የቆየ ነው፤ ገጣሚው ጆን ድራይደን እ.ኤ.አ. በ1672 ጸሐፌ ተውኔቱን ቤን ጆንሰንን በዚሁ ነቅፎታል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ግን ዛሬም ሳይሳቀቁ በመስተዋድድ ይጨርሳሉ፤ እንዲያውም እንደ ሉክ አፕ ባሉ ጥምር ግሦች አፕን የመሰለችው ቃል ከዊች ፊት መምጣት አትችልምና «ዘ ወርድ አፕ ዊች አይ ሉክድ» ብሎ መጨነቅ ነው ስህተቱ።

ሞዳል ግሥ ሲጨመር አንድ ነገር ማየት ያስፈልጋል። «ልተማመንበት የምችለው ሰው» በሚለው «በት» ያለችው «ልተማመን» ላይ ነው፤ ሰውየውን ከሐረጉ ጋር የምታያይዘው «የም» ግን «ችል» ላይ ገብታለች። በእንግሊዝኛም መስተዋድዱ የዋናው ግሥ እንጂ የካን አይደለም፦ ሪላይ ኦንን ስለሚፈልግ «ኤ ፐርሰን ኦን ሁም አይ ካን ሪላይ» ይባላል። ካን መግባቱ ኦንን አያስቀርም። «ሊረዳኝ የሚችል ሰው» የሚለውን «ሁ ካን ቱ ሄልፕ ሚ» ማለት «መርዳት መቻል» ከሚለው አነጋገራችን የመጣ ሲሆን፣ «ሁ ካን ሄልፕስ ሚ» ደግሞ የሦስተኛ መደብን ኤስ ያለቦታው መለጠፍ ነው። ከሞዳል በኋላ ግሡ ባዶውን ይቆማል፤ ከተለመዱት መካከል ቱን የሚያስከትለው ኦት ነው።

በመጨረሻ፣ «የሚቀመጡበት ወንበር» ለማለት «ኤ ቼር ኦን ዊች ቱ ሲት» ይባላል። እዚህ የመቻል ስሜት በቱ ውስጥ ስላለ «ቱ ካን ሲት» ማለት ስህተት ነው። ኦን ወደ መጨረሻ ከሄደ ደግሞ ዊች ይወጣል፦ «ኤ ቼር ቱ ሲት ኦን» እንጂ «ኤ ቼር ዊች ቱ ሲት ኦን» አይደለም። ተቀማጩ ማን እንደሆነ መናገር ከተፈለገ፣ ለምሳሌ «እናቴ የምትቀመጥበት ወንበር» ከሆነ፣ «ኦን ዊች ማይ ማዘር ቱ ሲት» አያስኬድም፤ ወይ ካንን መልሶ «ኦን ዊች ማይ ማዘር ካን ሲት»፣ ወይም ዊችን ትቶ «ኤ ቼር ፎር ማይ ማዘር ቱ ሲት ኦን» ማለት ይገባል።