የእርሻ ኬሚካልን ከቤታችን እንዴት እናርቅ፣ የአፈራችንንስ ጉልበት እንዴት እንመልስ

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ የምንገዛው ነጭ ሽንኩርት ከደምቢያ፣ ቀይ ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ደግሞ ከፎገራ በብዛት ይመጣል። ገበሬው የረጨው እኛ ማጀት ይደርሳል፣ እሱ ግን ከሁላችንም በፊት ይተነፍሰዋል። ገጠር ቤተሰብ ያላችሁ እባካችሁ ደውላችሁ ንገሯቸው።

ከሁሉም በፊት የነቀዝ ክኒኑን ላንሳ ምክንያቱም እሱ በአንድ ሌሊት ነው ቤተሰብ የሚጨርሰው። አሉሚኒየም ፎስፋይድ ይባላል፣ እህል ውስጥ ሲገባ እርጥበት እያገኘ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፣ ነቀዙን የሚገድለው ጋዙ ነው፣ ሰውንም ይገድላል፣ ማርከሻም የለውም። ሽታው ነጭ ሽንኩርት ወይ የበሰበሰ አሳ ይመስላል፣ እንግዲህ ነጭ ሽንኩርት ተከምሮ ባለበት የደምቢያ ቤት ማን ይጠረጥራል? ባይሸትም ደግሞ ጋዝ የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ ሰው የሚተኛበት ቤት ያለ ጎታ ውስጥ ክኒን በፍጹም አይጨመርም፣ «አንድ ፍሬ ብቻ ነው»፣ «በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ» አያድንም። የሚሻለው ፒክስ የሚሉትን ባለ ሶስት ድርብ ከረጢት መግዛት ነው። እህሉን በደንብ አድርቁ፣ ሞልታችሁ አየሩን ጨምቃችሁ አስወጡ፣ ሶስቱንም ድርብ ለየብቻ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ነቀዙ አየር አጥቶ ያልቃል።

ወደ ርጭቱ ስንመጣ፣ በሃይላንድ ፕላስቲክ ተቀድቶ የሚሸጥ የተባይ መድኃኒት አትግዙ። ምን እንደሆነ አታውቁትም፣ ልጅ ደግሞ የሚጠጣ ነገር መስሎት ያነሳዋል። የራሱ እቃ ላይ ከታች የቀለም መስመር አለ፣ ቀይ ከሆነ በጣም አደገኛ ነው፣ ቢጫው ይከተላል፣ ከዛ ሰማያዊና አረንጓዴ። ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ቆይቶ እንደሚለቀምም እዛው ተጽፏል፣ ማንበብ የማይችል ተማሪ ልጁን ያስነብብ ወይ የቀበሌውን ግብርና ባለሙያ ይጠይቅ። ዋጋ ጨመረ ተብሎ ትናንት የተረጨ ቲማቲም ዛሬ ተለቅሞ መጫን የለበትም፣ አንዳንዱ መድኃኒት ፍሬው ውስጥ ስለሚገባ እኛ ቤት ብናጥበው አይወጣም። ላዩ ላይ ያለው ግን በሚወርድ ውሃ እያሹ ሲያጥቡት ይቀንሳል፣ ከጥቅል ጎመንና ከሰላጣ የውጩን ቅጠል ጣሉ። በረኪና አትጨምሩ።

ባዶ ጄሪካኑን ሶስቴ አለቅልቃችሁ እጣቢውን መርጫው ውስጥ ጨምሩት፣ ከዛ ጄሪካኑን ብሱት፣ ለጠላም ለዘይትም ለውሃም አይሆንም። መርጫውን መገጭ ወንዝ ውስጥ አትጠቡ። የረጨበት ልብስ ከልጆች ልብስ ጋር አይዘፈዘፍ።

የረጨ ሰው ምራቁ፣ እንባውና ላቡ ከበዛ፣ ካስመለሰው፣ ጡንቻው ከተንቀጠቀጠ ወይ የዓይኑ ብሌን ከጠበበ ልብሱን አውልቃችሁ ገላውን በሳሙና እጠቡትና ቶሎ ሀኪም ቤት አድርሱት። ወተት አታጠጡት፣ አስመልስም አትበሉት። የመድኃኒቱን እቃ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሀኪሙ ምን እንደሚሰጥ የሚወስነው ያንን አይቶ ነው።

አሁን ደግሞ ወደ አፈሩ። ከ2004 ዓ.ም ጀምሮ የተሰራው የአፈር ካርታ ብዙ ቦታ ሰልፈር፣ ዚንክና ቦሮን የሚባሉት ማዕድናት እንደጎደሉ አሳይቷል፣ ያኔ ዳፕ የሚባለው ማዳበሪያ ሰልፈር ባለበት ኤንፒኤስ በሚባለው ማዳበሪያ የተተካውም ለዚህ ነበር። ምርቱ ከማሳው ይወጣል፣ ገለባው ለከብት ይሄዳል፣ እበቱ ኩበት ሆኖ ይነዳል፣ ለመሬቱ የሚመለስለት የለም። ዩሪያ የሚሰጠው ናይትሮጅን ብቻ ነው። ዚንክ ያጣ መሬት ያበቀለው ጤፍም ዚንኩ ያንሳል፣ ዚንክ ያነሰው ልጅ ደግሞ ቁመቱ ይቀራል፣ ተቅማጥ ይመላለስበታል፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም።

ኩበት ሲነድ ናይትሮጅኑና ሰልፈሩ በጭስ ይሄዳል፣ ሌላው ማዕድን ግን በአብዛኛው አመዱ ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ አመዱን ቦይ ውስጥ አትድፉት፣ አረም፣ ገለባና ፍግ ከምትከምሩበት ኮምፖስት ላይ በትኑት፣ እርጥበቱን ጠብቃችሁ አልፎ አልፎ አገላብጡት፣ ከሶስት አራት ወር በኋላ ማሳ ይገባል። ማገዶ ሌላ ካገኛችሁ እበቱን ራሱን ለመሬቱ ተዉለት፣ ከሁሉም የሚበልጠው ይሄ ነው።

ቤት ውስጥ ደግሞ ሊጡን አታጣድፉት። እህል ውስጥ ዚንክና ብረትን አስሮ የሚይዝ ነገር አለ፣ ሁለት ሶስት ቀን በደንብ ሲቦካ ይፈታል። ሻይና ቡና ከምግቡ ጋር ሳይሆን ቆየት ብሎ ይጠጣ፣ ብረቱን ይከለክላሉ። ልጅ ተቅማጥ ከያዘው ጤና ኬላ ከኦአርኤስ (በውሃ ከሚበጠበጠው የተቅማጥ ዱቄት) ጋር የዚንክ ክኒን ጠይቁ፣ ተቅማጡ ቢቆምም የታዘዘው ቀን ሳያልቅ አታቋርጡበት።