ግባችሁን ከምትሠሩት ነገር ጋር እሰሩት

«ዘንድሮ ብዙ አነባለሁ» ብላችሁ ጽፋችሁ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የምትረሱት ከሆነ፣ ዓረፍተ ነገሩን ቀይሩት። ግቡ የሚጀመርበትን ቅጽበት ጻፉ፦ «ማታ ጥርሴን እንደቦረሽኩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ሁለት ገጽ አነባለሁ።» በቃ ይኸው ነው። መነሻው በየቀኑ ሳታስቀሩ የምታደርጉት ነገር ይሁን። «ጊዜ ሳገኝ» መነሻ አይሆንም፤ ጊዜ መቼ ተገኝቶ ያውቃል?

ይህ ዘዴ የሚሠራው ውሳኔው አስቀድሞ ስላለቀ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ «አሁን ልጀምር ወይስ ነገ?» እያሉ ከራስ ጋር መከራከር ይቀራል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር ስለዚህ ዓይነት ዕቅድ በ1999 እ.ኤ.አ. ጽፏል።

«ልማድ በ21 ቀን ይያዛል» ሲባል ሰምታችሁ በ21 ቀን ካልሆነላችሁ ደግሞ አትደናገጡ። ለንደን ውስጥ ተሠርቶ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳሳየው እንደየሰውና እንደየልማዱ ከ18 እስከ 254 ቀን ሊፈጅ ይችላል። አንድ ቀን ቢዘለልም ያን ያህል አይጎዳም።

አምስት ግብ በአንዴ ግን እንዲህ አትጻፉ፤ አንዱ ሳይለመድ ሌላ ሲደረብበት ሁሉም ይፈርሳል። የሥራ ፈረቃችሁ የሚቀያየር ከሆነም ግቡን ከሰዓት ጋር ሳይሆን ከድርጊት ጋር ብቻ እሰሩት።