ሸክላ ካዘለ የኖራ ድንጋይ ኖራና ሲሚንቶ ሲሠሩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ድንጋዩን ሳይመረምሩ እሳት ማንደድ። ከሁሉ የከፋው ስህተት ይህ ነው። እርጥበት ውስጥ የሚጠነክር ኖራ የሚገኘው፣ በድንጋዩ ውስጥ ያለው ሸክላ በእሳት ኃይል ከኖራው ጋር ሲዋሃድ ነው። በቀለም ብቻ መፍረድ አያስተማምንም። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ጆን ስሚተን እ.ኤ.አ. በ1756 ለኤዲስተን የባሕር መብራት ማማ የሚሆን ኖራ ሲፈልግ ድንጋዩን በአሲድ አሟሙቶ የቀረውን ሸክላ ተመልክቷል። ዛሬም መንገዱ ያው ነው። 100 ግራም ናሙና አድቅቀው በቀጠነ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ያሟሙት፤ ጓንትና የዓይን መከላከያ አይርሱ። አረፋው ሲያበቃ ዝቃጩን አጥልለው፣ አጥበውና አድርቀው ይመዝኑ። ከዚያ በጣትዎ ይሹት። የሚለሰልስ ከሆነ ሸክላ ነው፤ የሚቆረቁር ከሆነ አብዛኛው አሸዋ ነውና 20 ግራም ቢቀርም ብዙ አይጠቅምም።

ናሙና ከአንድ ቦታ ብቻ መውሰድ። ተቀራርበው የተነባበሩ ድንጋዮች የሸክላ መጠናቸው እጅግ ሊለያይ ስለሚችል እያንዳንዱ ንብር ለየብቻ ይፈተን።

ሁሉንም ድንጋይ ለአንድ ዓይነት ምርት ማዋል። ከ10 እስከ 20 በመቶ ሸክላ ያለው ለኖራ ይመቻል። ከ25 በመቶ ሲያልፍ ግን ተቃጥሎ ውሃ ቢነካውም በራሱ አይፈረፍርም፤ በወፍጮ ደቅቆ የተፈጥሮ ሲሚንቶ ይሆናል። ጄምስ ፓርከር እ.ኤ.አ. በ1796 የፈጠራ መብት ያወጣበት ሲሚንቶ የዚህ ዓይነት ነበር።

እሳት ማብዛት። የተለመደው (የፖርትላንድ) ሲሚንቶ 1,450 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይፈልጋል፤ ለዚህ ኖራ ግን ከ900 እስከ 1,100 ይበቃል። ከመጠን በላይ የጋለ ድንጋይ እንደ መስታወት ቀልጦ ውሃ አልቀበል ይላል። እሳት ያነሰው ደግሞ እምብርቱ ጥሬ ይቀራል። ይህን ለማወቅ ጥቂት ድንጋዮችን አድርቀው፣ ምልክት አድርገውና መዝነው ወደ ምድጃው ያስገቡ። 80 በመቶው ካልሲየም ካርቦኔት (የኖራ ድንጋይ ዋና ማዕድን) የሆነ 100 ኪሎ ድንጋይ በደንብ ከተቃጠለ ቢያንስ 35 ኪሎ ያህል ክብደት ይቀንሳል፤ ከዚያ በታች ከሆነ እሳቱ አልበቃውም።

የተቃጠለውን ድንጋይ በውሃ ማጥለቅለቅ። ንጹሕ ኖራ ውሃ ውስጥ ለዓመታት ቢቆይ አይበላሽም፤ ይህኛው ግን እዚያው ይጠነክራል። ስለዚህ ውሃውን በጥቂት በጥቂቱ እየረጩ፣ እስኪፈረፍርና ደረቅ ዱቄት እስኪሆን ብቻ ያብርዱት። ዓይንን ክፉኛ ስለሚያቃጥል መከላከያ ያስፈልጋል። በወንፊት ላይ የሚቀረውን ጓል ካልፈጩ ወይም ካላወጡ፣ ግድግዳ ላይ ከተለሰነ በኋላ አብጦ ልስኑን ይፈነቅለዋል። ዱቄቱን እርጥበት በማይገባበት ዕቃ ያስቀምጡ።

በጥንካሬው ላይ ቶሎ መፍረድ። ዋናው አጠንካሪ ውህድ ቀስ ብሎ ስለሚሠራ ጥንካሬው ለወራት ይጨምራል። ልስኑን ከፀሐይና ከነፋስ ጋርደው የመጀመሪያዎቹን ቀናት እርጥብ ያድርጉት።