የእንግሊዝኛ ቃላትን ከሥራቸው ማጥናት፦ ከአራት ኪሎ እስከ ለገሃር ባለው መንገድ

የእንግሊዝኛ ቃላት ዝርዝር ቶሎ የሚረሳው እያንዳንዱ ቃል ዘመድ አልባ ሆኖ ስለሚሸመደድ ነው። ከቤተሰቡ ጋር የተጠና ቃል ግን አንዱ ሌላውን ያስታውሳል። መሀል አዲስ አበባ ለዚህ የተመቸ ነው፤ በየቀኑ የምንጠራቸው የሰፈር ስሞችና የምናነባቸው ሰሌዳዎች እንግሊዝኛ ራሱ ከተበደረባቸው ቋንቋዎች የመጡ ናቸውና።

የሚያስፈልገው ደብተርና የቃል ምንጭ የሚሰጥ መዝገበ ቃላት ብቻ ነው። ለተማሪ ተብለው የሚታተሙት ትንንሾቹ ብዙውን ጊዜ ምንጩን ይዘሉታል። ሜሪያም ዌብስተር ግን ይሰጣል፤ ስልክ ላይ ደግሞ ኢቲምኦንላይን በነፃ ይገኛል። በወረቀት መሥራት የሚመርጥ ሰው አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ገብቶ ትልልቆቹን መዝገበ ቃላት ይጠይቅ።

ገጹን በአራት ዓምድ ይክፈሉት፦ ቃሉ፣ ምንጩ ከነትርጉሙ፣ የዛሬ ትርጉሙ፣ ዘመዶቹ። ቃሉን በላቲን ፊደል ይጻፉ እንጂ በእኛ ፊደል አይገልብጡት፤ የትውልድ አገሩን የሚያሳብቀው ስፔሊንጉ ነው።

አሁን መንገድ ይጀምሩ። አራት ኪሎ ፓርላማ አለ፤ ሥሩ የፈረንሳይኛው ፓርሌ፣ መናገር ማለት ነው። ጊዮርጊስ ካቴድራል ጋ ሲደርሱ የግሪኩን ካቴድራ ያገኛሉ፤ ትርጉሙ ወንበር፣ በኋላም የጳጳስ መንበር ነው። እንግሊዝኛው ቼርም ከዚሁ ቃል በፈረንሳይኛ በኩል ተሸርሽሮ የወጣ ነው። ፒያሳ ጣሊያንኛ ነው፤ ወደ ኋላ ሲከተሉት ላቲኑን ፕላቴያ፣ ከዚያም “ሰፊ” የሚል ትርጉም ያለውን የግሪክ ቃል ያገኛሉ። እንግሊዝኛ ይህንኑ ቃል ከፈረንሳይኛ ፕሌስ፣ ከስፓኒሽ ፕላዛ ብሎ ሁለት ጊዜ ወስዶታል። መርካቶ የማርኬት፣ የመርቻንትና የኮሜርስ ቤተሰብ ነው። ቁልቁል ወርደው ለገሃር ሲደርሱ ደግሞ የፈረንሳይኛው ጋር (ባቡር ጣቢያ) ከጋራዥ ጋር ከአንድ ግስ መወለዱን ይመዝግቡ።

አንዱን እስከ መጨረሻው እንሥራው፦ ሆስፒታል። የላቲኑ ሆስፔስ እንግዳንም እንግዳ ተቀባይንም ይጠራ ነበር። ሆስት፣ ሆስቴል፣ ሆስፒታሊቲና ሆቴል ከዚያ ወጡ። ሆቴል ኤስ ፊደሉን የጣለው ፈረንሳይኛ ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ሆስቴልና ሆቴል አንድ ቃል ናቸው፣ የገቡበት ዘመን ነው የለያቸው። መዝገበ ቃላቱ ምንጩን የሚጽፈው ከቅርቡ ወደ ሩቁ ነውና ሲያነቡ መጀመሪያ ያለው አበዳሪው፣ መጨረሻ ያለው ጥንተ ሥሩ ነው። ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስሕተት ነው።

ስፔሊንግ ላይ ትልቁን ጥቅም የሚሰጡት ሲ እና ኤች ጎን ለጎን ሲመጡ ነው። “ክ” ተብለው ከተነበቡ (ኬሚስትሪ፣ ስኩል፣ አርኪቴክት) ቃሉ አብዛኛውን ጊዜ ከግሪክ ነው። “ች” ከሆኑ የጥንቱ እንግሊዝኛ ነው፣ እንደ ቻይልድ፤ ወይም በመካከለኛው ዘመን ከፈረንሳይኛ የገባ ነው፣ እንደ ቻምበር። “ሽ” ከሆኑ ዘግይቶ የገባ ፈረንሳይኛ ነው፣ እንደ ማሺን። ቺፍና ሼፍን ያስተያዩ፦ ሁለቱም የላቲኑ ካፑት፣ ራስ፣ ናቸው። ቺፍ በ1300 ገደማ ገባ፣ ሼፍ በ19ኛው ክፍለ ዘመን። በየሆቴሉ የሚሰማው የወጥ ቤት አለቃ ማዕረግ የአለቅነት ቃል ራሱ ነው። ካፒታልና ካፕቴንም እዚሁ ዓምድ ይግቡ።

አማርኛ ተናጋሪ አንድ ተጨማሪ ዕድል አለው። ካሜል በግሪክና በላቲን በኩል ከሴም ቋንቋዎች የሄደ ነው፤ ግመላችን ዘመዱ ነው። ካሚን የሚባለው ቅመም የከሙን ዘመድ ነው። ሳይደር የተባለው የፖም መጠጥ በዕብራይስጡ ሼካር በኩል ከስካር ጋር ይዛመዳል። በኮፊ ላይ ግን ይጠንቀቁ፦ እስከ ቱርክኛው ካህቬና እስከ ዓረብኛው ቃህዋ ድረስ መንገዱ የታወቀ ነው፤ ከዚያ ወደ ከፋ የሚወስደው መላምት ነውና በደብተር ላይ የጥያቄ ምልክት ይደረግበት።

የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ በመልክ መመሳሰል ነው። ፔዴስትሪያን ውስጥ ያለው ፔድ የላቲን እግር ነው፤ በክሊኒክ ሰሌዳ ላይ ያለው ፔዲያትሪክስ ግን ከግሪኩ ልጅ የመጣ ነውና ከእግር ጋር አይገናኝም። ከሁሉ የከፋው ኢን የሚለው ቅድመ ቅጥያ ነው። ኢንቪዚብል ላይ አፍራሽ ነው፤ ኢንፍላሜብል ላይ ግን “ወደ ውስጥ” የሚለው ሌላው ኢን ነው፣ ቃሉም በቀላሉ የሚቀጣጠል ማለት ነው። “የማይቀጣጠል” ብሎ መተርጎም አደጋ ስላለው ዛሬ በማስጠንቀቂያ ላይ ፍላሜብል የሚለው ይመረጣል። ሥሩን ካወቁ በኋላም የዛሬውን ትርጉም ከመዝገበ ቃላቱ ያረጋግጡ፤ ናይስ ከላቲኑ “አላዋቂ” የመጣ ነው፣ ቀድሞም ቂል ማለት ነበር፣ ዛሬ ግን ማንንም አያስቀይምም።

በሳምንት አምስት ቤተሰብ ይበቃል። ከዚያ በላይ ሲሆን ሥሮቹ ይደባለቃሉ። እሑድ አራተኛውን ዓምድ በወረቀት ሸፍነው ከሥሩ ብቻ ዘመዶቹን ይጻፉ፤ ከግማሽ በታች የመጣልዎት ቤተሰብ ወደሚቀጥለው ሳምንት ይዛወር፣ በእሱም ልክ አዲስ ይቀንሱ።