ከውርጃ በኋላ፦ ደሙ በዛ፣ ቆረጠኝ፣ አተኮሰኝ

በክኒንም ይሁን በመሣሪያ ጽንስ ካቋረጥሽ ደም ማየትሽ አይቀርም። ዋናው ነገር ምን ያህል ነው የሚለው ነው። ሞዴስ በቀየርሽ ቁጥር ሰዓቱን ስልክሽ ላይ ጻፊ። ለነርሷ "ብዙ ፈሰሰኝ" ከምትዪ "ከሰባት ሰዓት ወዲህ አራት ሞዴስ" ብትያት ወዲያው ይገባታል።

ደሙ በዛ
ሚሶፕሮስቶል (ማህፀኑን የሚያኮማትረው ክኒን) በወሰድሽበት ቀን ከወር አበባ የበለጠ ደም፣ የረጋም ጭምር ይወጣል። ማህፀኑ ያለውን እያስወጣ ነው። ከዚያ እየቀነሰ ሁለት ሳምንት ገደማ ይሄዳል፤ ነጠብጣቡ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል።

ትልቁ ሞዴስ በሰዓት ሁለት ከራሰ፣ ይሄም ሁለት ሰዓት ሙሉ ከቀጠለ ግን ውስጥ የቀረ ነገር ይኖራል፣ ወይም ማህፀኑ በደንብ አልተኮማተረም። ራሰ የሚባለው ከፊት እስከ ኋላ ጠጥቶ ሲሞላ ነው፤ ነጠብጣብ የነካው አይቆጠርም። ያኔ ሆስፒታል ነው፣ ያውም ብቻሽን አይደለም። ካዞረሽ ወይም ራስሽን ከሳትሽማ ቆጠራው ይቅር። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው።

ደሙ ጭራሽ አልመጣም
ሚሶፕሮስቶሉን ወስደሽ ደም ሳታዪ 24 ሰዓት ካለፈ ጽንሱ አልወረደም ማለት ሊሆን ይችላል። ወይም እርግዝናው ከማህፀን ውጭ ነው፤ እዚያ ላይ ክኒኑ አይሠራም። አልትራሳውንድ ያስፈልግሻል። ሆድሽን በአንድ ወገን አጥብቆ ከወጋሽ ወይም ትከሻሽን ካመመሽ ነገ አትበዪ።

ቆረጠኝ
የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቁርጠት የማህፀኑ መኮማተር ነው። አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም ከምግብ በኋላ ውሰጂ፤ ጨጓራ ካለብሽ ፓራሲታሞል። የማያቃጥል ሙቅ ውኃ በሃይላንድ ሞልተሽ፣ በነጠላ ጠቅልለሽ ሆድሽ ላይ አድርጊ። መድኃኒት እየወሰድሽ ከቀን ወደ ቀን ከባሰብሽ ግን ታዪ።

አተኮሰኝ
ሚሶፕሮስቶል በወሰድሽበት ቀን ብርድ ብርድ ማለትና ትኩሳት የክኒኑ ጠባይ ነው። ከ24 ሰዓት በኋላም 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም የሚወጣው ፈሳሽ ከሸተተ ኢንፌክሽን ይሆናል። ትኩሳት ባይኖርም ከማግስቱ በኋላ ድካም፣ ማስመለስና የሆድ ሕመም አብረው ከመጡ ያው ነው። ጎረቤት የተረፋትን አሞክሳሲሊን አትዋጪ። ወደ ውስጥ መታጠብም ይቅርብሽ፤ ከውጭ በንጹሕ ውኃ ይበቃል።

ምርመራው አሁንም "እርጉዝ" ይላል
ሆርሞኑ ቶሎ ስለማይጠፋ የሽንት ምርመራው እስከ አራት ሳምንት ሊያሳስትሽ ይችላል። ማቅለሽለሹና የጡት ሕመሙ ከሳምንት በኋላም እንዳለ ከሆነ ግን በአልትራሳውንድ ይረጋገጥ። የወር አበባ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ይመለሳል። እርግዝና ግን እሱን አይጠብቅም፣ በሁለት ሳምንት ውስጥም ሊመጣ ይችላል። መከላከያውን ቀድመሽ ያዢ።

"ምን ይሉኛል" ብለው ቤት የሚቀሩ አሉ፤ እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። ከውርጃ በኋላ ያለው ሕክምና በመንግሥት ጤና ጣቢያም ይሰጣል። የወሰድሽውን፣ መቼና ስንት ፍሬ እንደሆነ አትደብቂ። የክኒኑን ማሸጊያ ካልጣልሽው ቦርሳሽ ውስጥ ክተቺው።