የቤት ብድርን ቀድሞ ለመጨረስ፦ የአንድ የደሴ ቤተሰብ የወር ሂሳብ

ሽንኩርትና ዘይት ላይ መቆጠብ ከመጀመራችሁ በፊት የብድር ውላችሁን አውጡና አንብቡት። እኔ ደሴ ውስጥ የሂሳብ መምህርት ነኝ፤ ባለቤቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ይሠራል። ቤታችንን የገዛነው በባንክ ብድር ነው። ውሉ የ15 ዓመት ነበር፣ እኛ በአሥረኛው ዓመት ዘጋነው። ሀብታም ዘመድ የለንም፣ ከውጭ የሚልክልንም የለም። ሰዎች እንዴት እንደሆነልን ሲጠይቁኝ ከቁጠባው እንድጀምርላቸው ይፈልጋሉ። እኔ ግን ሁልጊዜ የምጀምረው ከወለዱ ነው፤ ወለዱ እንዴት እንደሚሄድ ያልገባው ሰው ሁለት ወር ቆጥቦ ይሰለቻል።

ባንኩ በየወሩ ወለድ የሚያስበው በዚያ ወር በቀረው ዕዳ ላይ ነው። 400,000 ብር በ12 በመቶ የዓመት ወለድ ለ15 ዓመት ተበድራችኋል እንበል። የወሩ ክፍያ 4,800 ብር አካባቢ ይመጣል። ከመጀመሪያው ወር ክፍያ ውስጥ 4,000 ብሩ ወለድ ነው፤ ዕዳችሁን የሚቀንሰው 800 ብር ብቻ። እንደ ውሉ እስከ መጨረሻው ከከፈላችሁ በድምሩ 864,000 ብር ገደማ ታወጣላችሁ፤ ከተበደራችሁት እጥፍ በላይ ማለት ነው።

አሁን በየወሩ 500 ብር ጨምሩበት። ብድሩ በ11 ዓመት ከ10 ወር ያልቃል፤ ወደ 115,000 ብር ወለድም ይቀርላችኋል። የምትጨምሩት 1,000 ብር ከሆነ 10 ዓመት ሳይሞላ ትጨርሳላችሁ፤ የሚቀርላችሁ ወለድ ደግሞ 180,000 ብር ያልፋል።

ከሁሉ በላይ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ጊዜውን ነው። በዚሁ ምሳሌ ብድሩ በተለቀቀ ሰሞን አንዴ 10,000 ብር ዋናው ብድር ላይ ብትጥሉ ከመጨረሻው 12 የሚጠጋ ወርሃዊ ክፍያ ይሰረዝላችኋል። ያንኑ 10,000 ብር አምስት ዓመት ሲቀራችሁ ብትከፍሉ ግን የሚሰረዘው አራት የማይሞላ ክፍያ ነው። ስለዚህ «ልጆቹ ከፍ ይበሉና፣ ደመወዝ ይጨመርና» እያላችሁ አታቆዩት። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የምትጨምሩት ትንሽ ገንዘብ በኋላ ከምትጨምሩት ትልቅ ገንዘብ ይበልጣል። የእኛ ቤት ሂሳብ ሁሉ የተደራጀው ይቺን ተጨማሪ 1,000 ብር ሳታመልጥ ለማግኘት ነው።

መጀመሪያ ባንክ ቤት

ወደ ብድር ክፍል ሂዱና የሚከተለውን በግልጽ ጠይቁ። ቀድሞ መክፈል ቅጣት ወይም ኮሚሽን አለው ወይ? ውሉ ላይ የተጻፈውን አንቀጽ አሳዩኝ በሉ፤ በቃል የተነገራችሁን ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ። ቀጥሎ፣ ተጨማሪው ገንዘብ ዋናው ብድር ላይ እንዲቀነስ፣ የወሩ ክፍያ ባለበት እንዲቀጥልና የብድሩ ዘመን እንዲያጥር የሚል ማመልከቻ ጻፉ። ይህን ካልገለጻችሁ የወሩ ክፍያ ተቀንሶ ዘመኑ እንዳለ ሊቀር ይችላል፤ ያ ደግሞ ለዛሬ እፎይታ ይሰጣል እንጂ የምትፈልጉትን አያመጣም። የማመልከቻውን ግልባጭ ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በየወሩ ከክፍያው በላይ ጨምራ ታስገባ ነበር። ባንኩ ግን የወሩን ክፍያ ብቻ እየቆረጠ ትርፉን በቁጠባ ሂሳቧ ላይ ተወው። ከዓመት በላይ ቆይታ ስቴትመንት ስታወጣ ዕዳዋ እንደ ማንኛውም ተበዳሪ ነበር። ገንዘቡ አልጠፋም፤ የጠፋው ጊዜው ነው። ስለዚህ በየስድስት ወሩ የብድር ስቴትመንት አስወጡና ቀሪው ዕዳ በትክክል መውረዱን ራሳችሁ አስሉት። ማባዛት፣ ማካፈልና መቀነስ የሚችል ሰው ይበቃዋል፤ ቀሪውን ዕዳ በዓመቱ ወለድ አባዙት፣ ለ12 አካፍሉት፣ የወሩን ወለድ ታገኛላችሁ። ከዚያ በላይ የከፈላችሁት ሁሉ ዕዳውን መቀነስ አለበት።

ወሎ ነንና ይህን ሳልነግራችሁ አላልፍም፤ ጎረቤቶቼ ብዙዎቹ ቤት የገዙት ከወለድ ነፃ በሆነው አገልግሎት ነው። በሙራባሃ ከሆነ ሂሳቡ ሌላ ነው። ባንኩ ቤቱን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በተቆረጠ ዋጋ ይሸጥላችኋል። ዋጋው ከመጀመሪያው ስለተቆረጠ ቀድሞ መክፈል በራሱ አይቀንሰውም። ባንኩ በፈቃዱ ቅናሽ ሊያደርግላችሁ ይችላል፣ ስለዚህ ገንዘቡን ከማስገባታችሁ በፊት ጠይቁ። ቅናሽ ከሌለ ትርፍ ገንዘባችሁን ለሌላ ሥራ ብታውሉት ይሻላል።

ደመወዝ የገባ ዕለት

ብድሩን እስክንዘጋ ድረስ ደንባችን አንድ ነበር። ደመወዝ በገባ ዕለት የወሩ ክፍያና ጭማሪዋ 1,000 ብር አብረው ይወጡ ነበር። ከወር መጨረሻ የሚተርፍ ገንዘብ እየጠበቀ የቤት ዕዳ የከፈለ ሰው አላየሁም፤ አይተርፍምና። ቀጥሎ የቅሬ (የእድር) መዋጮ፣ እቁብ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ መብራትና ውሃ ይወጣል። የቀረውን ለአራት ሳምንት እናካፍለዋለን። የአንዱን ሳምንት ገንዘብ ብቻ በጥሬው አወጣለሁ፤ ሌላው ባንክ ይቀመጣል። ሐሙስ ላይ ካለቀ እስከ እሑድ ቤት ባለው ሽሮና ምስር እንኖራለን፤ ከሚቀጥለው ሳምንት አንበደርም። ባለቤቴም ልጆቹም ይህን ስለሚያውቁ «ገንዘብ የለም» የሚለው ቃል ቤታችን ውስጥ ጭቅጭቅ አያስነሳም።

አሁን እውነተኛው ቁጠባ የት እንዳለ ልንገራችሁ። እንጀራ ላይ ነው። ጤፍ በየሳምንቱ በኪሎ የሚገዛ ቤተሰብ ሁልጊዜ ውዱን ዋጋ ይከፍላል። እኛ በኩንታል የምንገዛው ጥር ላይ፣ አዲሱ እህል ገበያ ሲገባ ነው። ማሽላውን ባለቤቴ ከኮምቦልቻ በኩል ያመጣዋል፤ የቃሉና የባቲ ቆላ የማሽላ አገር ነው። ሁለት እጅ ጤፍ ከአንድ እጅ ማሽላ ጋር አስፈጫለሁ። ማሽላውን ከዚህ በላይ ብታበዙት እንጀራው በማግስቱ ይደርቅና ይፈረፈራል፤ ልጆች አይበሉትም፣ የማይበላ እንጀራ ደግሞ ከጤፍ የባሰ ውድ ነው። ደሴ ብርድ ስለሆነ ሊጡ ከኮምቦልቻ ይልቅ ዘግይቶ ይቦካል። ስለዚህ ረቡዕ ማታ አቡክቼ፣ አብሲቱን ዓርብ ማታ ጥዬ፣ ቅዳሜ በማለዳ የሳምንቱን በአንድ ጊዜ እጋግራለሁ። የኤሌክትሪክ ምጣድ እስኪግል ድረስ ብቻ ብዙ ኃይል ይበላል። በየሁለት ቀኑ አምስት አምስት እንጀራ የሚጋግር ሰው ለማጋሉ ብቻ ደጋግሞ ይከፍላል። የመብራት ታሪፉም ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ያደርጋል። የመጨረሻው እንጀራ ሲቀር ምጣዱን አጥፉት፤ በግለቱ ይበስላል።

በርበሬና ሽሮ በዓመት አንዴ ይዘጋጃሉ፤ ይህን እናቶቻችሁ ያውቁታልና አላስረዝመውም። ትራንስፖርትም እንዲሁ፦ ባለቤቴ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት በፋብሪካው ሰርቪስ ይወርዳል ይወጣል፣ እኔ ትምህርት ቤቴ ድረስ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ባጃጅ የምንይዘው ዝናብ ሲሆን ወይም የታመመ ሲኖር ነው።

ጾም ለብዙ ቤተሰብ ሳይታወቅ የሚያልፍ ቁጠባ ነው። በሁዳዴ 55 ቀን ሥጋ፣ ቅቤ፣ እንቁላልና ወተት አንገዛም። ሆኖም በፋሲካ ሰሞን ብዙ ሰው ተበድሮ ዶሮ ይገዛል። እኔ የሁዳዴን የሥጋና የቅቤ ገንዘብ በየሳምንቱ ለብቻው አስቀምጣለሁ። ዶሮውና የቅርጫው መዋጮ ከዚያው ይወጣል፣ የተረፈው በዓሉ ባለፈ ሳምንት ዋናው ብድር ላይ ይገባ ነበር።

ትልቁን ጉድጓድ የሚቆፍረው ግን የዓመቱ መጨረሻ ነው። ዓመታችን 13 ወር፣ ደመወዛችን 12። የነሐሴ ደመወዝ ጳጉሜንና እንቁጣጣሽን ተሸክሞ፣ የትምህርት ቤት ምዝገባ፣ ደብተርና ዩኒፎርም ተጨምሮበት፣ መስቀልም ሳይመጣ ያልቃል። መስከረም ላይ ከሰው የተበደረ ቤተሰብ እስከ ኅዳር ተጨማሪ ክፍያ አይከፍልም። መፍትሔው ከጥር ጀምሮ በየወሩ ትንሽ እያነሱ «መስከረም» ብሎ በሌላ ሂሳብ ማስቀመጥ ነው። ስምንት ወር ሲጠራቀም መስከረም እንደማንኛውም ወር ያልፋል። ከክረምት ማስጠናት የማገኘውና የባለቤቴ የዓመት ቦነስ ቤት አይገቡም ነበር፤ በቀጥታ ዋናው ብድር ላይ ይሄዱ ነበር።

እቁብን በሚመለከት

እቁብ ጥሩ ነው፣ ግን ዕጣው መቼ እንደሚደርሳችሁ ሂሳቡን ይለውጠዋል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከደረሳችሁ ያለ ወለድ የተበደራችሁ ያህል ነው። ያን ገንዘብ ወዲያው ዋናው ብድር ላይ ብትጥሉት ባንኩ ከዚያ ቀን ጀምሮ ወለድ አያስብበትም። መጨረሻ ከደረሳችሁ ግን ገንዘባችሁ እዚያ ሲቀመጥ ብድሩ ወለድ ሲበላበት ቆይቷል፤ በየወሩ ባንክ ብታስገቡት ይሻል ነበር። ስለዚህ ዳኛውን ቀደም ያለ ዕጣ እንዲሰጣችሁ ለምኑ፣ ዋስም አዘጋጁ። ዘግይቶ የሚደርሳችሁ ከሆነ ጥር ላይ እንዲውል አድርጉና ለእህሉ አውሉት።

የማይነኩ ነገሮችም አሉ። ቅሬ አይቀርም። የጎረቤት ቡናም አይቀርም፤ እኔ ስታመም ልጆቼን የሚያበሉልኝ፣ ቤቴን የሚጠብቁልኝ በዚያ ቡና ላይ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ስኳሩን መቀነስ ይቻላል፣ አቦል ቶናውን ግን አትተዉ። የልጆች መድኃኒትና መጽሐፍም እንዲሁ።

መጠባበቂያን በሚመለከት አጥብቄ እናገራለሁ። ከጥቅምት 2014 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ ኅዳር ማብቂያ ድረስ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲይዝ ባንክ ተዘጋ፣ ደመወዝ ቀረ። ያን ጊዜ ያኖረን ጓዳ ውስጥ የነበረው እህልና በእጃችን የነበረው ጥቂት ብር ነው። ባንክ ያስገባችሁት ተጨማሪ ክፍያ ተመልሶ አይወጣም። ስለዚህ የሦስት ወር የብድር ክፍያና የሦስት ወር ቀለብ ሳታስቀምጡ ጭማሪ አትጀምሩ። ከተነካም መጀመሪያ እሱን ሙሉ፣ ጭማሪው እስኪሞላ ይቁም።

«የብር ዋጋ እየወረደ ስለሆነ ዕዳን ማዘግየት ይሻላል» የሚሉኝ አሉ፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ይበልጥ ይሉኛል። ክርክሩ ውስጥ እውነት አለ። ዕዳው በቁጥር ያው ሆኖ ደመወዝ ከፍ ሲል ክፍያው ይቀልላል፤ በየወሩ 1,000 ብሩን ዕቃ ገዝቶ የሚያተርፍ ነጋዴ ቢያዘገየው አልፈርድበትም። የደመወዝ ሰው ግን ያን 1,000 ብር ዕቃ አይገዛበትም፤ ወሩ ሳያልቅ ያልቃል። ውላችሁንም እዩት፤ ባንኩ የወለዱን መጠን እንዲለውጥ የሚፈቅድ አንቀጽ ካለበት የነገው ወለድ የዛሬው ላይሆን ይችላል። ደመወዛችሁ ሲጨመር ግን ጭማሪውን አብራችሁ ከፍ አድርጉት። እኛ 1,000 ብሩን ወደ 1,500 ያሳደግነው በዚያ መንገድ ነው፤ የኑሮ ውድነቱ ከደመወዙ የቀደመባቸው ዓመታት ላይም ወደ 500 ዝቅ አድርገናል፣ አላቋረጥንም።

የመጨረሻው ክፍያ ሲቃረብ ቀሪ ዕዳችሁን እስከምትከፍሉበት ቀን ድረስ አሰልተው በጽሑፍ እንዲሰጧችሁ ጠይቁ፤ ጥቂት ብር ከቀረ ሂሳቡ አይዘጋም። ከፍላችሁ ስትጨርሱ የዕዳ ማጠናቀቂያ ደብዳቤ፣ ካርታችሁንና ለመሬት አስተዳደር የሚጻፈውን የእግድ ማንሻ ደብዳቤ ተቀበሉ። እግዱ ከመዝገቡ ላይ መነሳቱን ራሳችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ፤ በባንኩ ስም የገባውን የቤት ኢንሹራንስም በስማችሁ አዙሩት።